ከፊኖል ወደ አልዲሃይድ፦ ክሎሮፎርሙ ምን ሆነ?

[ምጣዱ በቅርበት፤ ቡናው እየጠቆረ ነው]

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ከጅማ ነኝ፣ ከፈረንጅ አራዳ። እናቴ ቡና እየቆላች ነው። ጭስ ጭስ የሚለው ሽታ ውስጥ ጓያኮል የሚባል ፊኖል፣ ማለትም ኦኤች (ኦክስጅንና ሃይድሮጂን) የተለጠፈበት የካርቦን ቀለበት አለ። እሱ ላይ ትክክለኛው ቦታ አልዲሃይድ (ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጂን ያሉት CHO) ብትሰኩበት ቫኒሊን ይሆናል፣ ኬክ ቤት የሚሸተው ቫኒላ። የሚሰካበትን አንዱን መንገድ ራይመርና ቲማን የተባሉ ጀርመኖች በ1876 እ.ኤ.አ. አሳተሙት።

[ሰሌዳ ላይ የፊኖል ቀለበት]

በተራው ፊኖል እንጀምር። ፊኖል፣ ክሎሮፎርም፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በውሃ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት፣ መጨረሻ ላይ አሲድ። የሚወጣው ሳሊሲልአልዲሃይድ ነው። ብዙዎቻችን እዚህ ድረስ ሸምድደን እናልፋለን። እኔ ራሴ ፈተና ላይ «ክሎሮፎርሙ ቀጥታ ቀለበቱን ይይዛል» ብዬ ጽፌ ዜሮ ታቅፌያለሁ።

አይይዝም። ቤዙ፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ፣ መጀመሪያ የፊኖሉን ሃይድሮጂን ይነጥቅና ፊኖክሳይድ ያደርገዋል፣ ቀለበቱ በኤሌክትሮን ይጠግባል። ከክሎሮፎርሙም ሃይድሮጂን ይወስዳል፤ የተረፈው አንድ ክሎራይድ ጥሎ ዳይክሎሮካርቢን ይሆናል። ዋናው ተዋናይ ይሄ ነው። ካርቦኑ ዙሪያውን ስምንት ኤሌክትሮን ሊኖረው ሲገባ ስድስት ብቻ ነው ያለው። ርቦታል! አጠገቡ ደግሞ የጠገበ ቀለበት አለ፣ ስለዚህ ሄዶ ይለጠፍበታል፣ በብዛት ከኦክስጅኑ ጎን፣ ኦርቶ ላይ። ከዚያ ሁለቱ ክሎሪኖች ተነቅለው ኦክስጅን ይገባል፣ አለቀ።

ትንሽ ፓራም፣ ማለትም አልዲሃይዱ ከኦክስጅኑ ትይዩ ቀለበቱ ማዶ የተለጠፈበትም፣ አብሮ ይመጣል። መለያው ደስ ይላል፦ እንፋሎት ስታሳልፉበት ኦርቶው አብሮ ይወጣል፣ ፓራው እንደ ቡና አተላ ታች ይቀራል። ኦርቶው ላይ የኦኤች ሃይድሮጂን የራሱን አልዲሃይድ ኦክስጅን ይይዛል፣ ጎረቤት አይፈልግም። ፓራው ግን አይደርስበትምና ከጎረቤት ሞለኪውል ጋር ይቆላለፋል።

ለቫኒሊን የምንፈልገው ፓራውን ነው፣ ኦርቶው እዚያ ጣጣ ነው። ምርቱም ብዙ ጊዜ አያኮራም፣ ሳይነካ የሚቀር ፊኖል አይጠፋም።

[ባዶ ብልቃጥ፣ መታጠቢያው አጠገብ]

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ ክሎሮፎርምና ቤዝ የነበረበትን ዕቃ በአሴቶን እንዳትለቀልቁ። ሦስቱ ሲገናኙ በኃይል ይግላሉ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። መጀመሪያ በብዙ ውሃ፣ ቆሻሻ ውሃውም ክሎሪን ላለባቸው ፈሳሾች በተለየው ጠርሙስ ይግባ።