ቡና ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ዋቱን እዩ

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቡና ማሽን ነው። ካፌ ውስጥ ያለው ትልቁ የማኪያቶ ማሽን አይደለም። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ ውሃ ከኋላ ትሞሉበትና ቡናው ጠብ ጠብ እያለ የሚወርድበት ዓይነት ነው።

«ጀበና ይቅር ልትል ነው?» የምትሉኝ አትጠፉም። ኧረ በፍጹም። ቄጠማው፣ ዕጣኑ፣ አቦል ቶና በረካው፣ የጎረቤቱ ጨዋታ በማሽን አይሆንም። እንዲሆንም አልፈልግም። የኔ ጉዳይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ከሰል የሚያያይዝ የለም፣ ቡና የሚቆላ የለም፣ ሥራ ግን አለ። እናም ብዙዎቻችን በማንኪያ የሚበጠበጠውን የቆርቆሮ ቡና ጠጥተን እንወጣለን። ዘጌ እዚሁ ጣና ዳር ቡና እያበቀለ ጎንደር ላይ እንዲህ መሆኑ በእውነት ያንገበግበኛል።

አንዲት ጎረቤቴ ማሽኑ ሲሠራ ቆመው አዩና «ልጄ፣ ሳይንተከተክ ይበስላል እንዴ?» አሉኝ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያቺ ጥያቄ ናት። ጀበና ውስጥ ዱቄቱ ከውሃው ጋር አብሮ ይፈላል። ማሽን ላይ ግን ውሃው ዱቄቱን የሚያገኘው ሲያልፍ ብቻ ነው። ሲያልፍ በደንብ ካልጋለ አለቀ፤ ቡናው ይቀጥናል፣ ይጎመዝዛል።

ዓለም አቀፉ የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር የሚመክረው የውሃ ሙቀት ከ92 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ከዚያ በኋላ ቢንተከተክም አይጨምርም። ስለዚህ 96 ዲግሪ የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም። ሙቀት በቁጥር የሚመረጥበት ማሽን ላይ ተጨማሪ ብር ማውጣት ለጎንደር ሰው ትርጉም የለውም ባይ ነኝ። እኛ የሚያስፈልገን ውሃውን እስከ መፍላት የሚያደርስ ማሽን ነው። ትንሽ ከቀዘቀዘ ከሚመከረው በታች ወረድን ማለት ነው።

ይሄን የሚነግራችሁ ቁጥር ዋት፣ ማለትም የማሞቂያው ጉልበት ነው። ማሽኑን ገልብጡት፣ ከሥሩ የተለጠፈች ወረቀት አለች። አንድ ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 93 ለማድረስ 1,400 ዋት ያለው ማሽን 4 ደቂቃ አይሞላበትም። 900 ዋት ያለው ወደ 6 ደቂቃ ይፈጃል። 600 ዋት ያለው 8 ደቂቃ ተኩል። ይሄ በመንገድ የሚባክነው ሙቀት ሳይቆጠር ነው። ጥሩ ቡና የሚወርደው ከ4 እስከ 8 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። እና 600 ዋት ሆኖ ትልቅ ማሰሮ የተገጠመለትን ማሽን ተዉት። 600 ዋት ሆኖ ግማሽ ሊትር ብቻ የሚያፈላ ትንሽ ማሽን ግን ለሁለት ሰው ግሩም ነው። ዋቱን ከመጠኑ ጋር አመዛዝኑ።

የኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንዳንድ ምሽት ይደክማል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ትንሽ የቀነሰ ይመስላል፣ የማሞቂያው ጉልበት ግን በሲሶ ይወድቃል። 1,000 ዋት ብላችሁ የገዛችሁት 670 ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ዋቱን በርከት አድርጋችሁ ግዙ።

ዘመድ ከአሜሪካ ይዞላችሁ ሊመጣ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉለት። የዚያ አገር ማሽን 120 ቮልት ነው። በቀጥታ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ከተሠራበት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይገባበታል፤ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር አለ፣ ግን ይሄን ያህል ዋት የሚሸከመው ከባድም ውድም ነው። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ይሻላችኋል። ቢበዛ የሶኬት መቀየሪያ ነው የሚፈልገው።

ሌላው ክዳኑ ነው። ክፈቱና ውሃው የሚወርድበትን ከሥር ቀና ብላችሁ እዩ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ወይስ ብዙ? ጎረቤት ቤት ማሽን ካለ፣ ቡናው ወርዶ ሲያልቅ ማጥለያ ውስጥ የቀረውን አተላ እዩት። ባለ አንድ ቀዳዳው መሃሉን ቦርቡሮ ጉድጓድ ይሠራል። ዳር ዳሩ ላይ ደረቅ ዱቄት ተጣብቆ ይቀራል። ያ ዱቄት በከንቱ የተቆላ ቡና ነው። ጥሩው ማሽን ላይ አተላው ዳር እስከ ዳር እኩል ርሶ፣ ዝርግ ብሎ ታገኙታላችሁ።

እኛ ደግሞ ቡና ቆልተን ወዲያው ማፍላት እንወዳለን። ለጀበና መልካም ነው። አሁን የተቆላ ቡና ግን ውስጡ ጋዝ አለው። ውሃ ሲነካው ያብጥና አረፋ ይዞ ይነሳል፣ አንዳንዴም ማጥለያውን ሞልቶ ይፈሳል። ማታ ቆልታችሁ ለጠዋት አሳድሩት። ያም ሆኖ መጀመሪያ ዱቄቱ ሲርስ ማሽኑን አጥፉት፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና አብሩት። ለዚህ ነው ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ያለውን ቀላሉን ማሽን የምመርጠው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ካቆመበት ይቀጥላል።

አፈጫጩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የጀበናው ደቃቅ ዱቄት ማጥለያውን ይዘጋል። እንደ ስኳር ሸከር ይበል፣ በኛ ከፍታ ትንሽ ቢደቅም ይሻላል። ለአንድ ሊትር ውሃ 55 ግራም ቡና። የወረቀት ማጥለያውን ሜሊታ ቤንትዝ የምትባል ጀርመናዊት በ1908 እ.ኤ.አ. የፈጠረችው አተላ ስለሰለቻት ነው፣ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ወረቀት እንደ ልብ ካላገኛችሁ ግን ታጥቦ የሚመለስ ወንፊት ያለውን ግዙ።

ከሥሩ ቡናውን የሚያሞቅ ምጣድ ካለው ይልቅ ፔርሙስ ያለውን እመክራለሁ። ምጣዱ ላይ ግማሽ ሰዓት የቆየ ቡና ያራል። ፔርሙሱ ግን መብራት ቢጠፋም ትኩሱን ይዞ ይጠብቃችኋል። ስኒው ላይ ጤናዳም ጣል ብታደርጉበት ደግሞ ደስ ይላል።

በመጨረሻ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩት። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ማሽኑም ውስጥ ያው ቅርፊት ይጋገራል፣ ሙቀቱንም ያፍነዋል። አቼቶ በውሃ አቅጥናችሁ አንዴ አሳልፉበት፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። ቡናው መውረጃ ጊዜው ረዘም ማለት ሲጀምር ይሄን አድርጉ።

በሉ፣ ደህና ሁኑ።