መሪ ተዋናይ ወይስ ደጋፊ? የባሪ ፊትዝጄራልድ ሕይወት

[ጥቁር ስክሪን። የባቡር ድምፅ። ቀጥሎ የሰዎች ጭቅጭቅ።]

ቦታው አየርላንድ ገጠር ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ባቡር ጣቢያ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ረጅምና ደንዳና ሰውዬ ከባቡር ወርዶ መንገድ ይጠይቃል። ጣቢያው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይከበዋል። አንዱ በዚህ ነው ይላል። ሌላው የለም፣ በዚያ ነው ይላል። ወሬው ሳይታወቃቸው ዓሣ ማጥመድ ላይ ይደርሳል። መንገዱን የሚነግረው ግን አልተገኘም። ይሄኔ ጥቁር ባርኔጣ ያደረገ አጭር ሰውዬ ብቅ ይላል። ክርክሩ ውስጥ አይገባም። ሻንጣውን ብድግ አድርጎ ወደ ጋሪው ይሄዳል። እንግዳው ተከትሎት ከመሄድ ሌላ ምን ያድርግ?

እንግዳው ጆን ዌይን ነው። ፊልሙ በ1952 የወጣው «ዘ ኳየት ማን» ነው። ጆን ዌይን በዚያን ጊዜ ከሆሊውድ ታላላቅ ስሞች አንዱ ነበር። ግን ትዕይንቱን ደግማችሁ እዩት። ዓይናችሁ የሚሄደው አጭሩ ሰውዬ ጋ ነው።

ያ ሰውዬ ባሪ ፊትዝጄራልድ ይባላል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ይሄን ሰው የወደድኩት በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ጥያቄው የእኔ አይደለም። ኦስካር ራሱ አንስቶት መልሱን ያጣው ጥያቄ ነው። ይሄ ሰው መሪ ተዋናይ ነው ወይስ ደጋፊ?

[የፊልም ምስል፦ አንድ አዛውንት ቄስ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሲራመዱ።]

በ1944 «ጎዪንግ ማይ ዌይ» የሚባል ፊልም ወጣ። ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዕዳ ውስጥ ተዘፍቃለች። አስተዳዳሪዋ አባ ፊትዝጊበን አርጅተዋል። ጳጳሱ አንድ ወጣት ቄስ ይልካሉ። ልጁ የመጣው ሥራውን ሊረከባቸው ነው፤ ልባቸው እንዳይሰበር ግን አይነግራቸውም። ወጣቱን የተጫወተው ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ ነው። አዛውንቱን ባሪ ፊትዝጄራልድ።

ፊትዝጄራልድ ያን ጊዜ ገና ሃምሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። ፊልሙ ላይ ግን የሚታየው ጉልበቱ የከዳው፣ በትንሹ የሚቆጣ፣ በትንሹ የሚደሰት ሽማግሌ ነው። አባ ፊትዝጊበን ከመጻሕፍቱ ጀርባ አንዲት ሣጥን ደብቀዋል። ሣጥኗ ስትከፈት የአየርላንድ እሹሩሩ ታዜማለች። ውስጧ ያለው ውስኪ ነው፤ እናታቸው ከአገር ቤት የሚልኩላቸው። እናታቸውን ካዩ አርባ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል እናትየው ከአየርላንድ ይመጣሉ። ዘጠና ያለፋቸው፣ ደቃቅ ባልቴት ናቸው። ዘፈኑ ያ እሹሩሩ ነው። ፊትዝጄራልድ እዚህ ጋ ምንም አይተውንም ማለት ይቻላል። ቀስ እያለ ይጠጋል፣ ከዚያ እናቱ ላይ ደገፍ ይላል። ያ ሁሉ ሽምግልና በአንዴ ልጅነት ይሆናል። እናቱን ሳያይ ዓመታት የቆጠረ ስደተኛ ይሄን ትዕይንት ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

አሁን ወደ ሽልማቱ እንምጣ። የኒውዮርክ የፊልም ሐያሲያን የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ ብለው ፊትዝጄራልድን መረጡ። መሪ ነው አሉ። ጎልደን ግሎብ ደግሞ ምርጥ ደጋፊ ተዋናይ ብሎ ሸለመው። ኦስካር ላይ የሆነው ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም። በዚያው በአንድ ሚና፣ በመሪም በደጋፊም ዘርፍ ታጨ። በጊዜው ደንቡ አይከለክልም ነበር። ድምፅ ሰጪዎቹ ግማሾቹ እዚህ፣ ግማሾቹ እዚያ ጻፉት፤ በሁለቱም በኩል በቂ ድምፅ አገኘ። በመሪው ዘርፍ ከተወዳደሩት አንዱ ደግሞ የራሱ ፊልም ባልደረባ ክሮዝቢ ነበር።

ማርች 15 ቀን 1945 ውጤቱ ተነገረ። ክሮዝቢ ምርጥ መሪ ተዋናይ፣ ፊትዝጄራልድ ምርጥ ደጋፊ ተዋናይ። ፊልሙ በጠቅላላው 7 ኦስካር ወሰደ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተቀየረ። አንድ ሰው በአንድ ሚና በሁለት ዘርፍ መታጨቱ ቀረ።

ያ ዓመት ለፊትዝጄራልድ የደስታ ብቻ አልነበረም። በ1944 የሚነዳው መኪና አንዲት ሴት ገጭቶ ገደለ፤ ልጇም ተጎዳች። ሰው በመግደል ወንጀል ተከሰሰ። በጃንዋሪ 1945 በማስረጃ እጦት በነፃ ተሰናበተ። ከዚያ ከሁለት ወር በኋላ ነው ኦስካር መድረክ ላይ የቆመው። ይሄን ዘልዬ ብቸኩል ታሪኩን ጎደሎ አደርገዋለሁ። የሞተች ሴት አለች።

[ምስል፦ የኦስካር ሐውልት በቅርበት። ቀለሙ የተላጠ።]

ሐውልቱም የራሱ ታሪክ አለው። በዓለም ጦርነት ምክንያት ብረት ስላጠረ የእነዚያ ዓመታት ኦስካሮች ቀለም የተቀቡ ጀሶ ነበሩ። ፊትዝጄራልድ ጎልፍ ይወዳል። አንድ ቀን ቤቱ ውስጥ የጎልፍ ዱላውን ሲያወናጭፍ ሐውልቱን መታው። አንገቱ ተቀነጠሰ። በኋላ ሌላ ሰጡት።

እሺ፣ መሪ ነው ደጋፊ? መልሱን ለማግኘት ሆሊውድን ትተን ደብሊን መሄድ አለብን።

[ካርታ፦ አየርላንድ፣ ደብሊን። የድሮ ፎቶግራፎች።]

ባሪ ፊትዝጄራልድ የመድረክ ስሙ ነው። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ዊልያም ጆሴፍ ሺልድስ ነው። ማርች 10 ቀን 1888 ደብሊን ተወለደ። ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነበር። ልጁ የተማረው ለቢሮ ሥራ ነው። በ1911 የመንግሥት ሥራ ተቀጠረ። በኋላ የሥራ አጦች ቢሮ ገባ። ሥራው ቀላል ነበር፤ ማታ ማታ ጊዜ ይተርፈዋል። በዚህ ጊዜ ነው ከአማተሮች ጋር ቴአትር የጀመረው። ግን የመንግሥት ሠራተኛ የጎን ሥራ መያዝ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ስም ቀየረ። ቀን ሺልድስ፣ ማታ ፊትዝጄራልድ።

በ1915 ከአቤይ ቴአትር ጋር መጫወት ጀመረ። አቤይ በ1904 የተከፈተ የአየርላንድ ብሔራዊ ቴአትር ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ገጣሚው ዊልያም በትለር ዬትስና ሌዲ ግሪጎሪ ይገኛሉ። ታዲያ የፊትዝጄራልድ አንዱ የመጀመሪያ ሚና ስንት ቃል ነበረው መሰላችሁ? አራት። መድረክ ላይ ወጣ፣ ፍርሃት ያዘው፣ የቃላቱን መነሻ ፊደል አቀያየረው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ማግሥቱን አይመለስም ነበር። እሱ ግን ሰው ማሳቅ እንደሚችል ያወቀው ያን ቀን ነው።

አቤይ ውስጥ ኮከብ የሚባል ነገር አልነበረም። ይሄን ልብ በሉልኝ። ዛሬ ዋናውን ሰው የሚጫወት ተዋናይ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት መስመር ተናግሮ ይወጣል። ሁሉም ሁሉንም ይሠራል። ሁለት መስመር የደረሰው ሰው በሁለት መስመር ውስጥ አንድ ሙሉ ሕይወት ማሳየት አለበት። ለኔ የኦስካር ግራ መጋባት መልሱ እዚህ ጋ ነው። ፊትዝጄራልድ መሪና ደጋፊ የሚባል ልዩነት ከሌለበት ቤት ነው የወጣው። አባ ፊትዝጊበንን የተጫወተው በዚያ ልማድ ነው፤ ድምፅ ሰጪዎቹ የት እንደሚያስቀምጡት ቢቸግራቸው አይገርምም።

ትልቁ ዕድል የመጣው በ1924 ነው። ሾን ኦኬሲ የሚባል፣ በጉልበት ሥራ የኖረ የደብሊን ሰው «ጁኖ ኤንድ ዘ ፔይኮክ» የሚባል ተውኔት ጻፈ። ታሪኩ በ1922 የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ደብሊን ውስጥ በአንድ ድሃ ቤተሰብ ላይ የሚደርስ ነው። ፊትዝጄራልድ አባትየውን ካፒቴን ቦይልን ተጫወተ። ካፒቴን ቦይል ጉረኛና ጠጪ ነው። ሥራ ተገኘልህ ሲሉት እግሩን ያመዋል። አስቡት እንግዲህ፣ ይሄን ሥራ ፈሪ ማታ ማታ የሚጫወተው ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ከሥራ ፈላጊዎች ጋር ነው። ሰበብ ሁሉ ጆሮው ላይ ነበር።

የመጨረሻው ትዕይንት ግን አያስቅም። ወይም ያስቅና ያሳፍራል። የቤቱ ዕቃ ተወስዷል። ወንድ ልጁ ተገድሏል። እናትና ሴት ልጅ ቤቱን ጥለው ሄደዋል። ካፒቴን ቦይል ልጁ መሞቱን ሳያውቅ ሰክሮ ባዶ ክፍል ይገባል። ዓለም ተበላሸች እያለ ይለፈልፋል። ተመልካቹ ስካሩ ላይ ይስቃል፣ ግን ሰውዬው የማያውቀውን ያውቃል። መጋረጃው የሚዘጋው በዚህ መሐል ነው።

በ1926 ሌላ የኦኬሲ ተውኔት መጣ። «ዘ ፕላው ኤንድ ዘ ስታርስ» ይባላል። አየርላንዳውያን በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ስላነሱት የ1916ቱ የፋሲካ አመፅ ነው። አመፁ ለብዙ አየርላንዳዊ ቅዱስ ነገር ነበር፤ የሞቱ ልጆች እናቶችና ሚስቶች አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ተውኔቱ ግን ጀግኖቹን ሳይሆን ሰፈርተኛውን፣ ሰካራሙን፣ ዘራፊውን አሳየ። በመጀመሪያው ሳምንት ረብሻ ተነሳ። ሰዎች መድረክ ላይ ዘለው ወጡ። ፊትዝጄራልድ አንዱን በቡጢ ብሎ ወደ ወንበሮቹ መለሰው። ዬትስ ራሱ ወጥቶ ተመልካቹን ገሠጸ። ከዚያ የታጠቁ ሰዎች ፊትዝጄራልድን ሊያፍኑ ወደ እናቱ ቤት ሄዱ። እሱ እዚያ አልነበረም። ተውኔቱ ቀጠለ።

እዚህ ላይ ወንድሙን ማንሳት አለብኝ። አርተር ሺልድስ በስምንት ዓመት ታናሹ ነው፤ እሱም የአቤይ ተዋናይ። አርተር በ1916ቱ አመፅ ጠመንጃ ይዞ ተዋግቷል። ተይዞ ዌልስ ውስጥ ፍሮንጎክ የሚባል እስር ቤት ታስሯል። አንዱ ወንድም አመፀኛ፣ ሌላው የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ። ሁለቱም ግን ማታ እዚያው መድረክ ላይ ናቸው።

ፊትዝጄራልድ የመንግሥት ሥራውን የለቀቀው በ1929 ነው። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። ኦኬሲ አዲስ ተውኔት ጽፎ አቤይ አልቀበልም አለው። ተውኔቱ ለንደን ላይ ሲወጣ ፊትዝጄራልድ ቢሮውን ተሰናብቶ ሄደ። በአርባ አንድ ዓመት፣ ደመወዝና ጡረታ ያለውን ሥራ ትቶ። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ከኦስካሩ ይልቅ ይሄ ይደንቀኛል።

[የጋዜጣ ቁርጥራጭ፣ የመርከብ ምስል።]

ከዚያ ነገሮች ፈጠኑ። ከአቤይ ጋር አሜሪካን ዞረ። በ1936 ዳይሬክተሩ ጆን ፎርድ «ዘ ፕላው ኤንድ ዘ ስታርስ»ን ፊልም ሊያደርገው የአቤይ ተዋናዮችን ወደ ሆሊውድ ጠራ። ሁለቱም ወንድማማቾች ሄዱ። በ1916 በእውነት የተዋጋው አርተር የአመፁን መሪ ፓትሪክ ፒርስን በፊልም ተጫወተ። ፊትዝጄራልድ ሆሊውድ ቀረ። በ1940 የኒውዮርክ የቴአትር ሰፈር በሆነው ብሮድዌይ ላይ ካፒቴን ቦይልን ደግሞ ተጫወተው። ከኦስካሩ በኋላ፣ በ1948፣ በኒውዮርክ ጎዳናዎች ላይ በተቀረጸው «ዘ ኔክድ ሲቲ» ውስጥ መርማሪ ፖሊስ ሆነ። እዚያ መሪ ተዋናዩ እሱ ነው፣ ጥርጥር የለውም።

ወቀሳም አለበት። ሆሊውድ ብዙ ጊዜ የሰጠው ያንኑ ሰውዬ ነው፤ ተንኮለኛ፣ ጠጪ፣ አንደበተ ርቱዕ አየርላንዳዊ። አየርላንድ ውስጥ ይሄን ያልወደዱ ነበሩ። አገራችንን መሳቂያ አደረጋት አሉ። እውነት አላቸው ብዬ አስባለሁ፤ ግን ጥፋቱ የሚና ሰጪዎቹ ነው። ካፒቴን ቦይልን የተጫወተ ሰው ሌላም ይችል ነበር።

«ዘ ኳየት ማን» ላይ ሚናው የሽማግሌ ነው። በጋሪው እየዞረ ጋብቻ የሚያገናኝ፣ ለወንዱ ቆሞ ልጅቱን ከቤተሰቧ የሚጠይቅ። ፈረሱ መጠጥ ቤት በር ላይ ሲደርስ ማንም ሳያዘው ይቆማል። አርተርም እዚያው ፊልም ላይ የፕሮቴስታንት ቄስ ነው። ፕሮቴስታንት ሆኖ ያደገው ፊትዝጄራልድ ግን የካቶሊኮቹን ሽማግሌ ነው የሚጫወተው። ከሠርጉ ማግሥት ጠዋት ወደ ሙሽሮቹ መኝታ ክፍል ጎራ ይላል። አልጋው ተሰብሯል። የተሰበረው በጥል ነው፤ እሱ ግን ሌላ ነገር መስሎታል። ቆሞ ያያል። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ መገረም፣ ቀጥሎ አክብሮት ያልፋል። የሚናገረው ሁለት ቃል ብቻ ነው። አቤይ ያስተማረው ይሄን ነው።

[የመጨረሻ ምስል፦ የአየርላንድ ገጠር፣ ወንዝ።]

በመጨረሻ ወደ አየርላንድ ተመለሰ። በ1959 «ብሮዝ ኦፍ ኤ ቦይ» በሚባል ፊልም የዓለም ትልቁን ሽማግሌ ተጫወተ፤ የ110 ዓመት አዛውንት። ቴሌቪዥኖች ልደቱን ሊቀርጹ ይመጣሉ። እሱ ደግሞ የሚያስጨንቀው ዓሣ የማጥመድ መብቱ ነው። ታሪኩ በሙሉ በእሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። ፊልሙ የተሠራው አቤይ ላይ ከታየ ተውኔት ነው። ፊትዝጄራልድ በጃንዋሪ 1961 ደብሊን ውስጥ አረፈ። የተቀበረው እዚያው፣ ዲንስግሬንጅ መካነ መቃብር ነው።