መርከቧ ስትናጥ የዋለችበት ቀን

ዮናስ፦ እሺ ሳራ፣ ዛሬ ሌላ ርዕስ የለንም። ያን የመርከብ ጉዞሽን ነው የምትነግሪን። ማዕበሉ ከተነሳበት ጠዋት ጀምሪ።

ሳራ፦ ከዋዜማው ብጀምር ይሻላል። እራት ላይ ነን፣ ባሕሩ ጸጥ ብሏል፣ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ መጣ። ነገ ፈረንሳይና ስፔን ጋ ያለውን የቢስኬን ባሕረ ሰላጤ ስናቋርጥ ነፋሱ ስምንት ይደርሳል አለ። ስምንት ምን እንደሆነ አላወቅኩም። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ግን ሹካቸውን አስቀምጠው መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ወደ ክፍላቸው ሄዱ። እኔ ጣፋጬን በላሁ።

ዮናስ፦ ስምንት የቦፎርት ቁጥር ነው። ፍራንሲስ ቦፎርት የሚባል የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1805 ያወጣው መለኪያ ሲሆን ከ0 እስከ 12 ይሄዳል። ስምንት ማለት በሰዓት ከ62 እስከ 74 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ነው። ብዙ አይመስልም፣ ግን እዚያ ባሕር ላይ ነፋሱን የሚያግደው ነገር የለም። ከሰፊው አትላንቲክ ማዕበሉን እየገፋ ነው የሚመጣው።

ሳራ፦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃሁ። የቀሰቀሰኝ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው የልብስ መስቀያ ነው፣ ግራና ቀኝ እየተላተመ። ግድግዳው ሲጥጥ ይላል። ከዚያ አልጋው ከሥሬ ዝቅ አለ፣ እኔ አየር ላይ የቀረሁ መሰለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ከታች መጥቶ ተቀበለኝ። ክፍሌ ላይኛው ፎቅ፣ መርከቧ አፍንጫ አካባቢ ነበር። እይታው ደስ ይላል ብዬ የመረጥኩት ነው።

ዮናስ፦ ለማዕበል ቀን ከዚያ የባሰ ቦታ የለም። የልጆችን ሚዛን ጨዋታ አስቢው፣ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ነው ሽቅብ ቁልቁል የሚለው፣ መሃሉ ብዙም አይነቃነቅም። መርከብም እንደዚያ ነው። መሃልና ዝቅ ያለው ፎቅ ይሻላል።

ሳራ፦ ቆይ፣ እነዚህ መርከቦች መናጥን የሚቀንስ ነገር አላቸው ይባላል አይደል?

ዮናስ፦ አላቸው። ስታብላይዘር ይሉታል። ከውኃ በታች ከግራና ከቀኝ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚዘረጋ ነገር ነው፣ መርከቧ ወደ አንድ ጎን ልታዘነብል ስትል ማዕዘኑን ቀይሮ ይመልሳታል። ግን የሚረዳው ለጎን ለጎኑ ነው። አንቺን ያሠቃየሽን ከፊት ወደ ኋላ መነሳትና መውደቅ ብዙም አያስቀረውም።

ሳራ፦ ጠዋት ስወጣ ደረጃው ድጋፍ ላይ የወረቀት ከረጢት በየቦታው ተሰክቷል። ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አላስፈለገኝም፣ ያን ስላየሁ ብቻ አፌ ምራቅ ሞላ። የመዋኛ ገንዳውን ውኃ አፍስሰውታል። ወደ ውጭ የሚያወጡት በሮች ተዘግተዋል። ሠራተኞቹ ግን ሳህን ይዘው እንደ ዘወትሩ ይመላለሳሉ፣ አንድ እጃቸው ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይዟል። የድሮ መርከበኞች አንድ እጅ ለራስ፣ አንድ እጅ ለመርከቧ ይላሉ፣ ያን ቀን በደንብ ገባኝ። እኔ ተመልሼ ተኛሁና ልረሳው ብዬ ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ።

ዮናስ፦ ወይኔ!

ሳራ፦ አሥር ደቂቃ አልሞላም። ሆዴ ተገለበጠ።

ዮናስ፦ ይገለበጣላ! የውስጥ ጆሮሽ እየተንቀሳቀስን ነው ይላል፣ ዓይንሽ ደግሞ ስልኩ ላይ ተተክሎ ምንም የሚነቃነቅ ነገር የለም ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ነው ማጥወልወሉ የሚመጣው። ለዚህ ነው አድማሱን እዩ የሚባለው፣ ዓይንና ጆሮ አንድ ነገር እንዲያወሩ። ሰዎች አንድ ነገር ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል፣ መድኃኒቱ ሳይጀምራችሁ በፊት ነው የሚወሰደው። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ለምሳሌ ሰዓታት ቀድሞ ነው የሚለጠፈው። ሳይቃጠል በቅጠል። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ወይ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ።

ሳራ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ለመናገር ትገለበጥ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ፎቅ ነው እኮ የሚያህለው!

ዮናስ፦ ከላይ የሚታየው ነው የሚያሳስተው። ሞተሩ፣ ነዳጁ፣ ከባዱ ሁሉ ከታች ነው፣ ስለዚህ ብታዘነብልም ትመለሳለች። እኔን የሚያስፈራኝ ሞተር መጥፋቱ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ቫይኪንግ ስካይ የምትባል መርከብ ኖርዌይ ጠረፍ ላይ፣ ሁስታድቪካ በሚባለው አስቸጋሪ ባሕር፣ ማዕበል መሃል ሞተሯ ቆመ። የሞተር ዘይቱ ዝቅ ብሎ ነበር፣ በዚያ መናጥ ፓምፑ ዘይት መሳብ አቃተው። ሞተር የሌለው መርከብ አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ አዙሮ መቆም አይችልም፣ ነፋሱ ወደ ድንጋዩ ይገፋዋል። 1,373 ሰው ነበረባት። 479 ሰው አንድ በአንድ በሄሊኮፕተር ተነስቷል፣ በዚያ ነፋስ! ሞተሩ መልሶ ተነስቶ በማግስቱ ወደብ ገባች፣ የሞተ ሰው የለም። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን የአደጋ ጊዜ ልምምድ ሲባል እየተሰላቻችሁ አትቁሙ፣ የምትሰበሰቡበትን ቦታ እወቁ።

ሳራ፦ እኔ ልምምዱ ላይ ፎቶ ሳነሳ ነበር። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ዮናስ፦ ታዲያ ማን አወጣሽ ከዚያ ክፍል?

ሳራ፦ ክፍል የምታጸዳው ልጅ። በሩን አንኳኳች፣ አየችኝ፣ ምንም ሳትጠይቅ ሄዳ ደረቅ ብስኩትና አረንጓዴ ፖም ይዛ መጣች። ተነሺ፣ እዚህ አትተኚ አለችኝ። ክንዴን ይዛ በደረጃው ቀስ እያልን ወደ ታች፣ መሃል ላይ ያለ ትልቅ መስኮት ጋ አስቀመጠችኝ። ሩቁን ብቻ እዪ አለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ያን ግራጫ መስመር ስመለከት ቆየሁ፣ ሰውነቴ ቀስ በቀስ ተመለሰልኝ። ያኔ ነው ቀና ብዬ ፊቷን ያየሁት። ከንፈሯ ነጭ ነው፣ ላቧ ግንባሯ ላይ ይታያል።

ዮናስ፦ እሷም ታማ ነበር?

ሳራ፦ ከእኔ ብሳ። ስንት ዓመት ሠራሽ አልኳት፣ ስድስት አለችኝ። አልለመድሽውም ስላት፣ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ሁሌም ያመኛል አለች። ቁጭ በይ ትንሽ አልኳት። አሥራ አንድ ክፍል ቀርቶኛል ብላ ሄደች።