ሰው የሚመርጠው ፕሪንተር፦ አይፒ አድሬስና ሰብኔት ማስክ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ያለ ፕሪንተር። ከጀርባ የፋን ድምፅ ይሰማል።]

ሰላም ናችሁ? ዛሬ የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው።

እዚሁ ድሬዳዋ አንድ መሥሪያ ቤት ጠሩኝ። ፕሪንተሩ ተበላሽቷል አሉ። ሄድኩ። ሒሳብ ክፍል ያሉት በደንብ ያትማሉ። መዝገብ ቤት ያሉት ግን አንድ ገጽ እንኳ አይወጣላቸውም። ፕሪንተሩ አንድ ነው። ማሽኖቹን በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን፣ ስዊቹም፣ አንድ ነው። ኬብል ቀየርኩ። ድራይቨር አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። አጥፍቶ ማብራት የሚባለውን የአገራችንን ታላቅ መድኃኒትም ሞከርኩ። ወሩ ሰኔ ነው፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። መዝገብ ቤት ያሉ አንዲት እናት ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆይተው፣ «አቦ፣ ይሄ ፕሪንተር ሰው ይመርጣል እንዴ?» አሉኝ።

ሳቅኩ። በኋላ ሲታይ ግን ትክክል ነበሩ። ፕሪንተሩ ሰው ይመርጥ ነበር።

[ስክሪን ላይ፣ ሦስት መስመር ብቻ፦]
አይፒ አድሬስ፦ 192.168.1.200
ሰብኔት ማስክ፦ 255.255.255.128
ጌትዌይ፦ ባዶ

ጥፋቱ እዚህ ሦስት መስመር ውስጥ ነው። ካሁኑ ያገኘው ሰው ካለ ቪዲዮውን ዘግቶ ወደ ሥራው መሄድ ይችላል። ያላገኘው ከኔ ጋር ይቆይ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። አይፒ አድሬስ ኔትወርክ ላይ ያለ ማሽን አድራሻ ነው፣ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል። ለምን 255 ላይ ቆመ? ለምን እስከ 999 አይሄድም? ነጥቦቹ ለኛ ዓይን የተቀመጡ ስለሆኑ ነው። ማሽኑ ነጥብ አያውቅም። ማሽኑ ጋ ያለው በተርታ የተደረደሩ 32 ዜሮና አንዶች ናቸው። እነሱን ስምንት ስምንት አድርገን ስንቆርጣቸው አራት ቁጥር ይወጣል።

[ስክሪን ላይ፦ በተርታ ስምንት አምፖል። ከሥራቸው 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1።]

ስምንት አምፖል አስቡ። ሁሉም ከበሩ ድምሩ 255 ነው። ሁሉም ከጠፉ 0። የፕሪንተራችን የመጨረሻ ቁጥር 200 ነው። እናብራው። 128 ይበራል፣ 72 ቀረን። 64 ይበራል፣ 8 ቀረን። 32 ይበልጣል፣ ዝለሉት። 16ም ይበልጣል። 8 ይበራል። አለቀ። 11001000።

ባይናሪ የሚባለው ይኸው ነው፣ ከዚህ የከበደ የለም። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ በግራ ጫፍ ያለችው የ128 አምፖል። በኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እኛ ጋ አድራሻ ሲጻፍ ቀበሌና የቤት ቁጥር ነው። ሲጻፍ ነው ያልኩት። ለባጃጅ የቤት ቁጥር ነግሮ የደረሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። «ምድር ባቡር ጋ አውርደኝ» ነው የሚባለው። ለማንኛውም፣ አይፒ አድሬስም እንደዚያው ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው ሰፈሩን ይናገራል፣ የኋለኛው ቤቱን። ጣጣው ግን ቁጥሩን በማየት ብቻ ሰፈሩ የት እንዳበቃና ቤቱ የት እንደጀመረ ማወቅ አለመቻሉ ነው። 192.168.1.200 ብዬ ብነግራችሁ ግማሽ ወሬ ነው የነገርኳችሁ። ሌላው ግማሽ ማስኩ ነው።

ማስክም ያው 32 ቢት፣ ማለትም 32 ዜሮና አንዶች ነው። ከግራ ጀምሮ አንድ አንድ አንድ እያለ ይመጣና የሆነ ቦታ ላይ ወደ ዜሮ ይቀየራል። አንዴ ከተቀየረ ወደ አንድ አይመለስም። አንዶቹ የቆሙበት ቦታ ድንበሩ ነው። ከድንበሩ ግራ ሰፈር፣ ከድንበሩ ቀኝ ቤት። 255.255.255.0 ማለት 24 አንዶች ማለት ነው። ባለሙያዎች ስላሽ 24 ብለው የሚያሳጥሩት ይህንን ነው። አንዶቹ ከግራ ስለሚደረደሩ ማስክ ላይ ሊመጡ የሚችሉት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፦ 0፣ 128፣ 192፣ 224፣ 240፣ 248፣ 252፣ 254 እና 255። የሆነ ቦታ 255.255.255.100 የሚል ማስክ ካያችሁ የጻፈው ሰው ቸኩሏል።

[ምስል፦ የደቻቱ ድልድይ። ባጃጆች ሲያልፉ።]

የድሬ ልጅ ይሄ አይከብደውም። ከዚራና መጋላ የሚባሉትን ሰፈሮች የሚለያቸው የደቻቱ ወንዝ ነው። ከዚራ ያለ ሰው ከዚራ ወዳለ ጓደኛው በእግሩ ይሄዳል። መጋላ ለመሄድ ግን ድልድይ ያስፈልገዋል። አዎ፣ በበጋ ወንዙ ሲደርቅ በአሸዋው አቋርጦ የሚሄድ አለ። ምሳሌዬን አታበላሹብኝ።

ኮምፒውተርም ዳታ ከመላኩ በፊት የሚጠይቀው ይሄንን ነው፦ ሰውየው እዚሁ ሰፈር ነው ወይስ ማዶ? እዚሁ ከሆነ «ይህ አይፒ የማን ነው?» ብሎ ሰፈሩን ሁሉ ይጣራል። ይሄ ጥሪ ኤአርፒ ይባላል። ባለቤቱ አቤት ይላል፣ ከዚያ በስዊቹ በኩል በቀጥታ ያወራሉ። ማዶ ከሆነ ግን አይጣራም። ዳታውን ለጌትዌይ ይሰጣል። ጌትዌይ ድልድዩ ነው፣ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ማለት ነው። ክረምት ላይ ከደጋው ጎርፍ መጥቶ ድልድዩ ቢዘጋ ከዚራ ውስጥ ያሉት እርስ በርስ መጠያየቃቸውን አያቆሙም። ቢሯችሁ ውስጥ ኢንተርኔት ጠፍቶ ፕሪንተር የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ምሳሌው ግን የሚሰበርበት ቦታ አለ፣ እሱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ነው። ደቻቱን ማንም አያነሳውም። ከዚራም መጋላም ያለ ሰው ወንዙ የት እንዳለ ላይ ይስማማል። ማስክ ግን እንደዚያ አይደለም። መስመሩን የምታሰምሩት እናንተ ናችሁ። ይባስ ብሎ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን መስመር በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። ስዊቹ አያርመውም። ጎረቤቱም «ተሳስተሃል» አይለውም። ሁለት ማሽኖች አንድ ስዊች ላይ ተሰክተው ድንበሩ የት እንደሆነ ላይስማሙ ይችላሉ።

አሁን ወደ ፕሪንተሩ እንመለስ።

[ስክሪን ላይ፦ 200፣ 140 እና 20። ከእያንዳንዱ በላይ የ128 አምፖል።]

የፕሪንተሩ ማስክ መጨረሻው 128 ነው። ስለዚህ ድንበሩ አንድ ቢት ወደ ቀኝ ገብቷል፣ ስላሽ 25 ሆኗል። ለሱ ሰፈር የሚለየው ያዙልኝ ባልኳት አምፖል ነው። በራሱ 200 ላይ አምፖሏ በርታለች። የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር 140 ነው፣ እሱም ጋ በርታለች። አንድ ሰፈር ናቸው፣ ይነጋገራሉ። የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር 20 ነው። 20 ላይ አምፖሏ ጠፍታለች። ፕሪንተሩ «ይሄ ማዶ ነው» አለ። ድልድይ ፈለገ። ጌትዌዩ ባዶ። መልሱን ጣለው።

መልሱን ነው የጣለው። የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ማስክ ትክክለኛው 255.255.255.0 ነበር። ስለዚህ ፕሪንተሩን የሰፈሬ ልጅ ብሎ በቀጥታ ጠራው፣ ጥሪውም ደረሰ። የማይመለሰው መልሱ ነው። እኔ ደግሞ ግማሽ ቀን ሙሉ ስፈትሽ የዋልኩት የመዝገብ ቤቱን ኮምፒውተር ነበር። ጥፋተኛው ሌላኛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ያ 128 ከየት መጣ? ከኔው ደብተር። ሌላ ቦታ የሠራሁበትን ማስክ ገልብጬ ነው ያስገባሁት። ስገጥመው ደግሞ የሞከርኩት ከሒሳብ ክፍል ብቻ ነበር። 128ቱን አጥፍቼ 0 ጻፍኩ። ሲጠራቀም የቆየው ወረቀት በተራ ይወጣ ጀመር። «አሁን ሁላችንንም ወደደን» አሉኝ እኒያ እናት።

እሺ፣ ማስክ ይህን ያህል ጣጣ ካመጣ ሰው ሆን ብሎ ኔትወርኩን ለምን ይከፋፍላል?

ከዚራ ላይ አንድ ሆቴል አለን እንበል። እንግዶች ዋይፋይ ይጠቀማሉ። ቢሮው 20 ኮምፒውተር አለው። 12 የደህንነት ካሜራና አንድ መቅጃ አለ። ሁሉንም አንድ ሰፈር ውስጥ ብታስቀምጧቸው፣ አልጋ የያዘ እንግዳ ላፕቶፑን ከፍቶ የካሸሯን ኮምፒውተር ያገኘዋል። አንዱ ሲጣራ ደግሞ ሁሉም ይሰማል፣ ከየስልኩ የሚወጣው የኤአርፒ ጥሪ እየተደመረ ዋይፋዩን ያጨናንቀዋል። ስለዚህ እንከፍላለን።

[ስክሪን ላይ፦ 192.168.10.0/24]

በእጃችን 256 አድሬስ አለ። ሁልጊዜ ከትልቁ ጀምሩ። ለእንግዶች ግማሹን እንስጥ፣ ስላሽ 25። ከ0 እስከ 127 ማለት ነው፣ 128 አድሬስ። ሁለቱ ግን ለሰው አይሰጡም። የመጀመሪያው የሰፈሩ ስም ነው። የመጨረሻው ብሮድካስት ነው፣ ለሁሉም የሚጮህበት። 126 ቀረ።

ለቢሮው 20 ማሽን ስላሽ 27 ይበቃል። ማስኩ 255.255.255.224 ነው። እዚህ ላይ ሒሳብ ለሚጠላ ሰው አንድ አቋራጭ ልስጥ፦ ከ256 ላይ የማስኩን የመጨረሻ ቁጥር ቀንሱ። 256 ሲቀነስ 224፣ 32 ነው። ሰፈሮቹ በ32 በ32 እየዘለሉ ይሄዳሉ ማለት ነው። ከ128 ጀምረን እስከ 159 ለቢሮው። ሁለቱን ስናወጣ 30፣ ጌትዌዩ አንድ ሲወስድ 29።

ካሜራዎቹ ጋ ተጠንቀቁ። 12 ካሜራ፣ አንድ መቅጃ፣ አንድ ጌትዌይ፣ በድምሩ 14። ስላሽ 28 በትክክል 14 ይሰጣል። ፈተና ላይ ከሆናችሁ መልሱ እሱ ነው። ሥራ ላይ ከሆናችሁ ግን ባለቤቱ በሚቀጥለው ወር «በጓሮ በር አንድ ካሜራ ጨምርልኝ» ማለቱ አይቀርም። ስላሽ 27 ስጡት፣ ከ160 እስከ 191። ከ192 እስከ 255 ያለው ለነገ ይቀመጥ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሰብኔት፣ ሰፈር እያልን የመጣነው፣ ብቻውን አጥር አይደለም። ሁሉንም ያው አንድ ስዊች ላይ ሰክታችሁ ቁጥር ብቻ ከለያያችሁ፣ አይፒውን በእጁ መቀየር የሚችል እንግዳ ዘሎ ይገባል። ስዊቹ ላይ ቪላን መለየት፣ ማለትም አንዱን ስዊች እንደ ብዙ ስዊች መክፈል፣ ራውተሩ ላይ ደግሞ ማን ወደማን እንዲያልፍ ሕግ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ይህን ሆቴል ብሠራው እንዲህ አልቆጥብም። እንግዳ ሁሉ ስልክም ላፕቶፕም ይዞ ነው የሚመጣው፣ 126ቱ ቅዳሜ ማታ ሊያልቅ ይችላል። በ192.168 የሚጀምሩት 65,536 አድሬሶች፣ በ10 የሚጀምሩት ከ16 ሚሊዮን በላይ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትም ጭምር፣ ማንም ሳያስፈቅድ ውስጡ የሚጠቀምባቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ ክፍል ሰፋ አድርጎ መስጠት ይቻላል። ቁጠባ የሚመጣው ውጭ ላይ ነው፣ ፐብሊክ አይፒ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የሚታየውን አድሬስ፣ ስትከራዩ። እዚያ ስላሽ 29 ከተሰጣችሁ 8 አድሬስ ነው፣ የሚሠራው 6።

ውጭው የጠበበው ዓለም ስለሞላ ነው። 32 ቢት 4,294,967,296 አድሬስ ይሰጣል፣ ከዚያ አይዘልም። ለዓለም ክፍሎች የሚታደለው የመጨረሻው ክምችት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 አለቀ። ስልካችሁም ሆነ የጎረቤታችሁ ስልክ 192.168.1.5 ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ራውተሩ ውጭ ሲወጡ በራሱ አድሬስ ይሸፍናቸዋል፣ ናት የሚባለው እሱ ነው። 128 ቢት ያለው አይፒ ቨርዥን 6 ለዚህ መፍትሔ ተብሎ ነው የመጣው፣ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይፈልጋል።

ኮሌጅ ላላችሁ ደግሞ፣ ክላስ ኤ፣ ክላስ ቢ፣ ክላስ ሲ እያላችሁ የምትሸመድዱት ነገር፣ ማስኩን ከመጀመሪያው ቁጥር መወሰን፣ ኢንተርኔቱ እ.ኤ.አ. በ1993 የተወው ነው። ለፈተናው ያዙት። ሥራ ላይ ግን 192 ስላየ ብቻ «ስላሽ 24 ነው» የሚል ሰው እንደኔ ፕሪንተር ሥር ግማሽ ቀን ይውላል። ማስኩን ጠይቁ።

[ስክሪን ላይ፦ 172.16.5.77/27]

ይሄንን እናንተ ሥሩት። ወረቀት አውጡ፣ በ32 በ32 ዝለሉ። የሰፈሩ ስም ስንት ነው? ብሮድካስቱስ? የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነው፦ 172.16.5.100 የሚባል ማሽን አለ። 77 በእግሩ ይደርስበታል ወይስ ድልድይ ይሻገራል?