መድን ያለው ሰው ለምን ከኪሱ ይከፍላል?

የተከበራችሁ የጤና ቢሮና የወረዳ ኃላፊዎች፣ የግል ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። መድኃኒት ቤቴ ከአንድ የመንግሥት ሆስፒታል በር ፊት ለፊት ነው። የምነግራችሁም ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ያየሁትን ነው።

በቅርቡ አንድ አባት መጡ። የጤና መድን ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። ማዘዣው ላይ የግፊትና የስኳር መድኃኒት አለ። ሆስፒታሉ «የለም፣ ከውጭ ይግዙ» ብሏቸዋል። «አባባ፣ ካርዱ እኛ ጋ አይሠራም» አልኳቸው። «መዋጮውን እኮ ከፍያለሁ ልጄ» አሉኝ። ምን ይባላል? ብራቸውን ሁለት ጊዜ ቆጠሩና የግፊቱን ብቻ ገዙ። የስኳሩን «ሌላ ቀን» ብለው ሄዱ።

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ገበሬው ለሕክምና ብሎ በሬውን እንዳይሸጥ ታስቦ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወረዳ ደርሷል። ካርድ ማዳረስ አንድ ነገር ነው፣ መድኃኒት ማግኘት ግን ሌላ።

ይህን ክፍተት መንግሥትና የግል ድርጅት ተዋውለው አብረው ሊሞሉት ይችላሉ። ይህ የመንግሥትና የግል አጋርነት ሲባል ግን ብዙዎቻችን ትልቅ ሕንፃ ነው የሚታየን። አዋጁም አለ፣ ቁጥር 1076/2010። ግን እስቲ ትንሿን አፍሪካዊት አገር ሌሶቶን እንይ። ዋና ከተማዋ ማሴሩ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ ዓይነት አጋርነት ዘመናዊ ሆስፒታል ተከፈተ። ውሉ ለ18 ዓመት ነበር። አገልግሎቱ ከድሮው ሆስፒታል ይሻል ነበር፣ ይህን መካድ አይቻልም። መንግሥት ለግል ድርጅቱ የሚከፍለው ግን የጤናውን በጀት እየበላ ሄደ። ጭቅጭቁ አላባራም። በ2021 ነርሶች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ አቁመው ከተባረሩ በኋላ መንግሥት ውሉን አፈረሰ። ሕንፃ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ከሕንፃው በፊት ግን ሒሳቡ ይቅደም።

ደግሞ ስለ አጋርነት ለመማር ማሴሩ ድረስ መሄድ የለብንም። የቲቢን ሕክምና ተመልከቱ። መድኃኒቱን መንግሥት ያቀርባል፣ የተመረጡ የግል ክሊኒኮች ለበሽተኛው በነፃ ይሰጣሉ። ሪባን አልተቆረጠለትም፣ ግን ይሠራል።

ለመድን ካርዱም እንዲሁ ይሁን። ሆስፒታሉ «የለም» ሲል ማዘዣው ላይ ማህተም ያድርግ። በሽተኛው ውል ወዳለው መድኃኒት ቤት ይምጣ፣ ካርዱን አሳይቶ መድኃኒቱን ይውሰድ። ሒሳቡን መድኑ ይክፈል።

እዚህ ላይ ሁለታችንም ጉድ አለብን። እናንተ ኃላፊዎች ክፍያ ታዘገያላችሁ። እኔ አከፋፋዩ ዘንድ በዱቤ አልገዛም፣ በካሽ ነው የምገዛው። ስድስት ወር ከጠበቅኩ መደርደሪያዬ ባዶ ይቀራል። እኛ ደግሞ፣ እንግዲህ ባለሙያ ወገኖቼ እንዳትቀየሙኝ፣ ከፋዩ መድን ነው ሲባል ዋጋ የምንቆልል አለን። ስለዚህ ዋጋው አስቀድሞ ውሉ ላይ ይጻፍ። የመክፈያው ቀንም ይጻፍ። ኦዲተር ሳይነግረን ይምጣ፣ ማዘዣውን ከደረሰኙ ጋር ያመሳክር። ያጭበረበረ ከውሉ ይውጣ።

የመድኃኒት ቤቴን የዋጋ ዝርዝር ይዤ መጥቻለሁ። ከወረዳ የመጣችሁ ኃላፊዎች፣ ሻይ ላይ እዩትና ውድ ነው ባላችሁት ላይ አክብቡልኝ።