ዓባይን ትቼ ምንጭ ላመሰግን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

የተሰጠኝ ርእስ «የወንጌል አገልግሎት በሩቅ አገር» ይላል። ርእሱ ከበድ ይላል። እኔ ግን የማወራችሁ ስለ ቆጮ፣ ስለ አስተርጓሚዬና ስለ ቤት ኪራይ ነው። ቅር እንዳይላችሁ። በቅርቡ የሚላኩ ልጆች እዚህ መሐል ተቀምጠዋል፤ ከበር ላይ ጀምሮ የጠየቁኝም ይህንኑ ነው።

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። እኔ ዓባይን እያየሁ አድጌ አርባ ምንጭን ላመሰግን ሄድኩ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ አርባ ምንጭ ለመድረስ ከ400 በላይ ይቀራል። አውቶቡሱ ደጀንን አልፎ ወደ በረሃው ሲወርድ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ አለቀስኩ። የ23 ዓመት ጎረምሳ! አጠገቤ የተቀመጡ አባት «የሞተብህ ሰው አለ ልጄ?» አሉኝ። «የለም፣ ለስብከት ተልኬ ነው» ስላቸው ግራ ገባቸው።

የተመደብኩት ከአርባ ምንጭ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ፣ ጨንቻ አካባቢ ነው። ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። ጮቄ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ብርዱ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነብኝ የቀርከሃው ቤት ነው። የዶርዜ ቤት ከፊት ሲያዩት ዝሆን ይመስላል። ሥሩን ምስጥ በበላው ቁጥር ቤቱ እያጠረ ይሄዳል። ሲያስፈልግ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያቆመዋል።

የመጀመሪያውን እሑድ አልረሳውም። እኔ የቅኔ ቤት ልጅ ነኝ፤ ጎንጅ ቅኔ ቆጥሬያለሁ። ስለዚህ ሰሙን ከወርቁ እያዋዛሁ፣ አንዱን ምሥጢር በሦስት መንገድ እያመላለስኩ አሥር ደቂቃ አንቆረቆርኩት። ጨርሼ ወደ አስተርጓሚዬ ዞርኩ። ትንሽ አየኝ። ከዚያ ለሕዝቡ አምስት ቃል የምታህል ነገር ተናገረ። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። አለቀ።

በኋላ «ምን አልካቸው?» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይወዳችኋል ይላል አልኳቸው።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው የራስህ ነው» አለኝ።

ሦስት ቀን አኮረፍኩት። በአራተኛው ቀን ጋሞኛ እንዲያስተምረኝ ለመንኩት። «ሳሮ» ብሎ ጀመረልኝ፤ ሰላም ማለት ነው። የቀረውን ያስተማሩኝ ሕፃናት ናቸው። እኔ ለአንድ ሰዓት መዝሙር አስጠናቸዋለሁ፤ እነሱ ደግሞ ለሁለት ሰዓት ይስቁብኛል።

ቀኑ እንዴት ያልፋል ላላችሁኝ፦ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ከዚያ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ። ስብከት በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ለቅሶ ግን ቀን አይመርጥም።

የተከራየሁባቸው እማማ እንሰት ይፍቃሉ። ጣውላውን ያጋድማሉ፣ ግንዱን በተረከዛቸው ይረግጣሉ፣ በቀርከሃው መፋቂያ ወደ ታች ይስቡታል። አንድ ቀን ላግዝ ብዬ ጠጋ ስል ጎረቤት ሁሉ ጮኸ። ለካ የሴት ሥራ ነው! የተፋቀው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይብላላል፤ ከዚያ ቆጮ ይሆናል። በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ ሲበላ ዓይን ያስፈጥጣል። እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት በሕልሜ የማየው የጎጃም ነጭ ጤፍ እንጀራ ነበር።

ድጎማዬ ሦስት ወር ሙሉ ሳይላክ ቀረ። የማን ጥፋት እንደሆነ ዛሬ አላነሣም። እማማ ኪራይ አልጠየቁኝም፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ይጠሩኛል። ይህን የምለው አንድ ነገር ስለሚከነክነኝ ነው። እዚሁ እኛው አገር በቆሎ ተማሪነቴ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ ስለምን ውሻ የለቀቀብኝ ሰው አለ። ባቴ ላይ ጠባሳው አለ። እዚያ ሳልለምን አበሉኝ። ጎጃም ሆይ፣ ይቅር በይኝ፣ አልዋሽም።

ደግሞ ወንጌልን መጀመሪያ ያደረስኩላቸው እኔ ይመስለኝ ነበር። በዚያው በጋሞ ምድር ብርብር ማርያም አለች፤ አባቶች ከግራኝ ዘመን በፊት የነበረች ናት ይላሉ። ይህን ስሰማ ትንሽ አፈርኩ።

ይበልጥ ያፈርኩት ግን ሌላ ቀን ነው። ስለ ዕርቅ ላስተምር አራት ገጽ ጽፌ ስሄድ መንገድ ላይ ሁለት ጎረምሶች በድንበር ተጣልተው ዱላ አንሥተዋል። አንድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ነጭተው መሐላቸው ተንበረከኩ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ዱላው ወረደ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም የጋሞ አባቶች አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶችን እንዲሁ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው እንደመለሱ በዜና ያያችሁ አላችሁ። እኔ በዓይኔ አየሁት። አራቱን ገጽ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሁለት ዓመቱን ጨርሼ ስመለስ እማማ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው «ለእናትህ» ብለው ሰጡኝ። እናቴ ቆርሳ ቀመሰች። አኘከች፣ አኘከች። «ኮምጠጥ ይላል» አለች። ትንሽ ቆይታ «ልጄን ስታበላ የኖረችው እሷ ናት? በል ደውልልኝ» አለችኝ።

ደወልኩ። እናቴ ጋሞኛ አታውቅም፤ እማማም ከአማርኛ የሚያውቁት ጥቂት ነው። አስተርጉሜ ላግዝ ብዬ ስጠጋ እናቴ በእጇ ገፋ አደረገችኝ። «ሳሮ! ሳሮ!» ትላለች ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ። ከዚያኛው ጫፍም «ሳሮ! ሳሮ!» ይሰማል። የስልኩ ሂሳብ እስኪያልቅ ድረስ እንዲሁ ሲባባሉ ቆዩ።