አልዞረም

ሰላም፣ ሰላም። እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የቤት ኪራዩን ጉዳይ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፣ ይቆየን። ቀድቼዋለሁ፣ ይመጣል። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ውስጤን ይዞታል። እሱን ሳላወራ ሌላ ማውራት አልቻልኩም።

አራዳው አልዞረም።

ሆዴ ውስጥ ያለው ልጄ፣ ያው ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ያወጣችሁለት እናንተ ናችሁ። ጭንቅላቱ አሁንም ከጎድን አጥንቴ ስር ነው፣ በቀኝ በኩል። አሁን እያወራሁ ራሱ በእጄ እየዳበስኩት ነው። መቀመጫው ወደ ታች፣ ጭንቅላቱ ወደ ላይ። የመውለጃዬ ወር ገብቷል። «ዞረ ወይ?» እያላችሁ የምትጽፉልኝ ሁሉ፣ አመሰግናለሁ። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ያላችሁኝንም አንድ በአንድ አንብቤያችኋለሁ። መልስ ያልሰጠሁት ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው።

ያላደረግኩት ነገር የለም እኮ። ሶፋ ላይ ወደ ኋላ መንጋለል ተውኩ። ስቀመጥ ጉልበቴን ከዳሌዬ ዝቅ፣ ደረቴን ወደ ፊት ዘንበል። ጠዋትና ማታ በእጄና በጉልበቴ ተንበርክኬ ወገቤን ማወዛወዝ። ሲመሽ ደግሞ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር። ዝምተኛው ባለቤቴ ከጎኔ፣ ውሃ ይዞ።

ስለ ፒያሳ ልንገራችሁ። አሁን የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራት አለው፣ ለእርጉዝ ሴት ይመቻል። ይሄን አልክድም። ግን ዶሮ ማነቂያ በነበረበት በኩል ሳልፍ እግሬ ይከብደኛል። በ2016 ሲፈርስ የእናቴም ቤት አብሮ ሄዷል። ጎረቤቱ ተበታተነ። አንዱ በዚህ ዳር፣ አንዱ በዚያ ዳር። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ነው የተወለድኩት። ሆስፒታል አይደለም፣ እዚያው ጓዳ ውስጥ። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ወደ አቀማመጡ ልመለስ። አንድ ቀን ቡና ላይ አክስቴ ምን አለችኝ? «ልጁ የተቀመጠው አንቺ ተቀምጠሽ ስለምትውዪ ነው።» ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ዝም አልኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ስለምሠራ ነው? ማይክ ፊት ተቀምጬ ለእናንተ ስለማወራ ነው?

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ወደ ፊት ዘንበል በይ የሚለው ምክር በደንብ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው፣ ከኒውዚላንድ ተነስቶ። ሐሳቡ የልጁ ጀርባ ከበድ ስለሚል፣ እናትየዋ ወደ ፊት ስታዘነብል ጀርባው ወደ ሆዷ በኩል ይመጣል የሚል ነው። ለነገሩ ይሄ ጭንቅላቱ ወደ ታች ሆኖ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ነው የሚመለከተው። የኔው ደግሞ ጭራሽ ጭንቅላቱን አላወረደም። ለዚያኛውም ቢሆን አውስትራሊያ ውስጥ 2547 እርጉዞች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ። ግማሾቹ ከ37ኛው ሳምንት ጀምረው በቀን ሁለቴ፣ አሥር አሥር ደቂቃ ተንበረከኩ። ግማሾቹ ግን አልተንበረከኩም። ሲወልዱ ልዩነት የለም። በሁለቱም በኩል 8 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት ልጆች ጀርባቸውን ወደ እናታቸው ጀርባ እንዳደረጉ ወጡ።

መንበርከኩን አልተውኩም። ወገቤን ያሳርፈኛል። ግን ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ። የሴት አቀማመጥ እንዲህ በቀላሉ ጥፋት ይሆናል? ሚድዋይፏ ስትነግረኝ በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ከአራት ልጆች አንዱ እንደዚህ ነው የሚቀመጠው። ቀናቸው ሲደርስ ከመቶ ሦስት ወይም አራት ብቻ ይቀራሉ። አብዛኞቹ ማንም ሳይነካቸው ይዞራሉ ማለት ነው። የእነሱ እናቶች ሶፋ የላቸውም?

እሺ። አሁን ወደዚያች ቀን።

ዶክተሯ በእጅ ልናዞረው እንሞክር አለችኝ። ከሆድ ውጭ፣ በእጅ ብቻ። ግማሽ በግማሽ ይሳካል አለች። እማዬ ይሄን ስትሰማ ዓይኗ በራ። «እኔስ ምን አልኩ? ቅቤ ይዤ መጥቼ፣ እነ እትዬን ላስጠራልሽ ስልሽ እምቢ አላልሽም? ዶክተሯስ ማሸት አይደል የምታሽሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም እጅ ነው። ልዩነቱ ግን እንግዴ ልጁ የት እንዳለ በአልትራሳውንድ ታይቷል። ማህፀን የሚያላላ መርፌ አለ። የልጁን ልብ ይሰማሉ። አንድ ነገር ቢፈጠር የኦፕራሲዮን ክፍሉ እዚያው ነው። ቤት ውስጥ በጉልበት ሲታሽ እንግዴ ልጁ ሊላቀቅ ይችላል፣ ከዚያ እናትም ልጅም አደጋ ላይ ናቸው። ይሄን ለእማዬ በቀስታ ነው የነገርኳት። ቅቤውን ግን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መጣች። ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ተኛሁ። መርፌውን ወጉኝ፣ ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። ዶክተሯ ሁለት እጇን ሆዴ ላይ አሳረፈች። ከታች መቀመጫውን ከዳሌዬ አወጣችው። ያማል። ቁርጠት አይደለም፣ ሌላ ዓይነት ነው። «ተንፍሺ» ትለኛለች። ቀስ፣ ቀስ። እና ሄደ። አራዳው ሄደ! ሆዴ በአግድም ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ጭንቅላቱ እዚህ፣ ጎኔ ላይ። ዶክተሯ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለእሱ አላውቅም።

ከዚያ ቆመ። ትንሽ ቆየ። ከእጇ ስር ሾለከና ተመለሰ። ወደ ቦታው። ጎድኔ ስር።

አሁን ሌት ተቀን የሚመላለስብኝ ይሄ ነው። ሲመለስ ደስ አለኝ። እውነት ነው የምላችሁ። የምፈልገው እንዲዞር ነበር፣ ለዚያ ነው የተኛሁት። ግን ሲመለስ የሆነ ነገር ውስጤ «እሰይ» አለ። ዶክተሯ «አንድ ጊዜ ልድገም?» አለችኝ፣ ቃሉን ሳትጨርስ «ይቅር» አልኳት። ልቡን አዳመጡት፣ ደህና ነው። «እሺ» አለች፣ አልተጫነችኝም። ለምን «ይቅር» አልኩ? ሕመሙ ነው ብትሉ ትክክል ናችሁ። ግን ሕመሙ ብቻ አይደለም። እሱ እምቢ ብሏል፣ እኔ ከማን ወገን ነኝ? እንደዚህ የሚል ስሜት… ወይም ደክሞኝ ይሆናል። አላውቅም። ዝምተኛውን ጠይቄው «እንዳልሽው ጥሩ ነው» ብሎኝ ዝም አለ።

ወጣሁ። እማዬ ተነሳች። «ዞረ?»

«አልዞረም።»

አላዘነችም። አልደነገጠችም። ነጠላዋን አስተካከለችና «አንቺም እንዲሁ ነበርሽ» አለችኝ።

ይኸው። በዚህ ዕድሜዬ፣ አግዳሚ ወንበር ጋ ቆሜ ነው የሰማሁት። «እንዴት እንዲሁ?» ስላት «ነይ፣ ታክሲ ይጠፋል» ብላ ቀደመችኝ።

ኖርዌይ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ። ቀናቸው ደርሶ በመቀመጫቸው የተወለዱ ሰዎች የመጀመሪያ ልጃቸውም እንደዚያ የመምጣት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ነው። ከእናት ብቻ አይደለም፣ ከአባትም ይመጣል። ይሄን ሳነብ ስለ ሶፋው ያለቀስኩት ሁሉ… አክስቴ ይሄን ትሰማኛለች ብዬ አላስብም፣ ብትሰማኝ ግን ደስ ይለኛል።

ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ልጅ በመቀመጫው ሲወለድ ጭንቅላቱ፣ ትልቁ ነገር፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እትብቱ ሊጫን ይችላል። የለመደ እጅ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ በዚያ ጓዳ ውስጥ ነው የተወለድኩት። መብራት ነበር? ማን ነበረች የተቀበለችኝ? በቅቤ አሽተው አዙረውኝ ነው ወይስ እንደተቀመጥኩ ነው የወጣሁት? እማዬ በዚያች ሌሊት ምን አይታ ነው አግዳሚው ላይ እንደዚያ ተረጋግታ የተቀመጠችው? የነበሩት ሴቶች አሁን የት እንዳሉ እንኳ አናውቅም። ዶሮ ማነቂያ ሄጄ በር አንኳኩቼ አልጠይቅ ነገር።

ለእኔ ኦፕራሲዮን ተቀጥሯል። ከመግባቴ በፊት አልትራሳውንድ ይደገማል፣ በመጨረሻ ሰዓት የሚዞር አለና። ቢዞር ደስ ይለኛል። መሰለኝ። አዎ፣ ይለኛል።

እማዬን ግን መጠየቅ አለብኝ። በስልክ አይሆንም፣ ትዘጋብኛለች። ቅዳሜ ትመጣለች፣ ገንፎ እህሉን ይዛ። ቅዳሜ ደግሞ አክስቴም አለች፣ እሷ ባለችበት እማዬ አታወራም። እሑድ ቢሆን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ብቻዋን ካገኘኋት… እስቲ አያለሁ።